የአክስቴ የቁም ተዝካር መጥሪያ

ኮምፒውተር ተማሩ የተባልነው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈ ፈተና አይባዛም ተባለ፤ መምህሩ ሁሉ በኮምፒውተር ጽፎ ያምጣ። እኔ እዚሁ ወረታ የታች ክፍል ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር ጸጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ ማንም አይችለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ልሁንላቸው ነው? አኮረፍኩ። ለምን አኮረፍሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ፣ ይሁና ብዬ ሄጄ ተመዘገብኩ።

ማሠልጠኛው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በአንዱ በኩል ሥልጠና ይሰጥባታል፣ በሌላው በኩል ኮፒ ይነሳል፣ የሠርግና የተዝካር መጥሪያ ይታተማል። አሠልጣኟ ወጣት ሴት ናት፤ ጣቷ ሲሮጥ ዓይን አይደርስበትም። ስልክ ታነጋግራለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ እኔን ታስተምራለች፣ ሁሉንም በአንድ ላይ። ‘ቀላል ነው፣ ቲቸር’ ትለኛለች። ቀላል ነው የሚለው ቃል እንደዚያን ሰሞን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ያናደደኝ አጻጻፉ ነው። ‘ለ’ን ለማምጣት የእንግሊዝኛውን ኤል ነክተው ኢን ያስከትሉ አለችኝ። እስኪ አሁን ይኼ ምን ይባላል? ዕድሜዬን ሙሉ ያስቆጠርኩትን ፊደል በሰው ፊደል ለምኜ ላምጣው? እሺ ብዬ ነካሁ። ‘ለ’ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲል ‘ሎ’ ሆነብኝ፤ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅኩም። ነጩ ገጽ ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። አሠልጣኟን ምን ፈልጋ ነው ብላት፣ እርስዎን እየጠበቀች ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ የሚጠብቀኝ ነገር ያጣድፈኛል፤ ስጣደፍ እጄ ያልታዘዘውን ይነካል።

ኮፒ የሚሉትማ ጭራሽ ግራ አጋባኝ። ጽሑፉን መርጬ አጥቁሬ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ‘ተይዟል’ ትለኛለች። ማን ያዘው? የት? ‘ውስጥ ነው ያለው፤ ፔስት ሲሉት ይመጣል።’ ቀጥሎ ሌላ ነገር ኮፒ ሳደርግ የመጀመሪያው የለም። የት ገባ ስላት ትስቃለች። ቤቴ ሄጄ እየበላሁ ሳይቀር አስበው ነበር። ልጆች ‘ገባኝ ቲቸር’ እያሉኝ ዓይናቸው ባዶ ሲሆን ለምን እቆጣ እንደነበር እንጃ፤ እኔም እንደ እነሱ ‘ገባኝ’ ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ፈተና ጽፌ ጨረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ፊደሉን ከፍ ላድርገው ብዬ ገጹን በሙሉ አጠቆርኩት። ከዚያ ጣቴ ሳላውቅ አንዲት ቁልፍ ነካች። ገጹ ባዶ ሆነ። ክው አልኩ። ሙሉ ከሰዓት የለፋሁበት አንዲት ‘ር’ ሆና ቀረች። አሠልጣኟ መጥታ ሁለት ቁልፍ ስትነካ ሁሉም ተመልሶ መጣ። የት ሄዶ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። የትም አልሄደም አለችኝ። ካልሄደ ለምን አላየሁትም? ከሄደ እንዴት መጣ? እሷ ግን ወደ ደንበኛዋ ዞራለች።

ከዚያ ወዲህ ማጥፋት የሚባል ነገር እርም አልኩ። የማልፈልገው ጽሑፍ ካለ ኢንተር የሚሉትን ቁልፍ እየደጋገምኩ እነካለሁ፤ ጽሑፉ እየወረደ እየወረደ ከዓይኔ ይሰወራል፤ ከላይ ባዶ ቦታ ላይ የራሴን እጽፋለሁ። ቆሻሻውን አልጋ ሥር እንደምትገፋ ሙሽራ ማለት ነው። ለማንም አልነገርኩም። ለእኔ የተገኘ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ ፈተናዎቼንም በዚሁ አወጣኋቸው።

ይኼን ሁሉ መከራዬን ለአክስቴ ስነግራት ግን መከራውን ትቼ የቻልኩትን ብቻ ነው የነገርኳት። አክስቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው ቤቷ። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከሆዷ የወጣ ልጅ የላትም። በእኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትኩ ማን ያስበኛል ብሎ፣ በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ያወጣል። የቁም ተዝካር ይባላል። ቄሶቹ ይጸልያሉ፣ ሰው ይበላል ይጠጣል፣ ባለቤቱም በዓይኑ አይቶ ያርፋል። አክስቴም ሩዙ ሲሰበሰብ ላወጣ ነው አለች። እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ ብዬ ተቆጣኋት። ‘አንቺ ያን ጊዜ ኮምፒውተር ትማሪ ይሆናል’ አለችኝ። ስትተርበኝ እንዲህ ናት።

እህሉም፣ ጠላውም፣ በሬውም አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት ወንድሟ ነው። ታናሽ ወንድሟ፣ የእኔ አጎት፣ ይፋግ አግብተው እዚያው የሚኖሩ ናቸው፤ ከአባታቸው የደረሳቸው መሬት ግን ከእሷ መሬት ጋር ድንበር ለድንበር ነው። ድሮ ቦታው ውኃ የሚተኛበት፣ ከብት የሚውልበት ስለሆነ ማንም አይጣላበትም ነበር። ሩዝ ከመጣ በኋላ ያ ጭቃ ውድ ሆነ። አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰውና የድንበሩ ድንጋይ ደለል ውስጥ ቀረ። ውኃው ሲጎድል እሷ እዚህ ጋ ነበር አለች፤ እሳቸው የለም እዚያ ነው አሉ። በቃ፣ ይኼው ነው ጠባቸው። ስንት ሽማግሌ ተላከ መሰላችሁ። አጎቴ ለሽማግሌው ሁሉ ይቅር ብያታለሁ ይላሉ፤ ደጇን ግን አይረግጡም። መሬታቸውን ሊያዩ ሲመጡ እንኳ በማዶ ዞረው ያልፋሉ። እሷም በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

‘ወንድሜን ሳላየው መሞት ነው የምፈራው’ አለችኝ አንድ ቀን፣ ምርቱን እየነፋች። ‘በአፍ የተላከበትን ሁሉ መልሷል። ስሙ ተጽፎበት ወረቀት ሲደርሰው ግን ያፍራል። አንቺ በዚያ በመኪናው ጻፊልኝ።’

መኪና ስትል ኮምፒውተሩን ነው። አንጀቴን በላችው። እኔ ደግሞ ጉራዬን ነዝቼባት፣ አልችልም ብል ማን ያምነኛል? እሺ አልኩ።

አሠልጣኟ ጋ ሄጄ ነገርኳት። ከዚህ በፊት የጻፈችውን የአንዲት እናት ተዝካር መጥሪያ ከፈተችልኝ፤ ዙሪያውን ሐረግ ያለው፣ ከላይ መስቀል ያለበት፣ የሚያምር ነው። ይኼን ይዘው ያስተካክሉ አለችኝና ሠርግ ወዳለባቸው ሰዎች ዞረች። አነበብኩት። ‘እናታችን ወይዘሮ እገሊት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩን’ ይላል። ይኼማ አይሆንም፤ የእኔዋ በሕይወት ያለች ናት። ላጥፋው ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ያቺ ባዶ ገጽ ትዝ አለችኝና እጄን ሰበሰብኩ። ይልቅ ብልሃቴን አመጣኋት። ኢንተር፣ ኢንተር፣ ኢንተር። ጽሑፉ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። ከመስቀሉ ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ‘ፈጣሪዬ ዕድሜ ሰጥቶኝ ተዝካሬን በቁሜ ለማየት ስለወደድኩ፣ መጥታችሁ ጠበል ጻዲቅ እንድትቀምሱልኝ በአክብሮት እጠራችኋለሁ።’ ከሥሩ ስሟን ልጽፍ ስል እዚያም የሴትዮዋ ስም በሐረጉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ብነካው አልነካ አለ።

አሠልጣኟን ጠራኋት። አይልፉ ቲቸር፣ አንዴ በሙሉ ይቀየርልዎታል ብላ፣ የዚያችን ሴት ስም በአንድ ሳጥን፣ የአክስቴን ስም በሌላ ሳጥን አስገብታ ነካችው። ኮምፒውተሩ ብዙ ቦታ ቀይሬያለሁ አለ። እኔ የማየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ግራ ገባኝ። ግን ግራ ያልገባኝ ቀን ስለሌለ ዝም አልኩ። እሷም መብራት ሳይሄድ እናትመው ብላ ተጣደፈች፤ ወፍራሙን ወረቀት ጨምራ ማተሚያውን አስነሳችው። የመጀመሪያው ወጣ፤ ስሟን ሳየው እንባዬ መጣ። እንደዚያ ሲያምር። እሽጉን ተቀብዬ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ደጋግሜ እያየሁ ወጣሁ። ወረቀት ጀርባ እንዳለው ማን ያስታውሳል?

ለአክስቴ አነበብኩላት። ማንበብ አትችልም፤ ግን በጣቷ ሐረጉን ስትዳስስ ቆየች። የአካባቢው ሰው በቃል ስለተጠራ ወረቀቱ ለሩቆቹ ብቻ ሆነ፤ ለአንበሳሜዎቹ ዘመዶቻችንና ለይፋግ። ለገበያ የመጡ ሰዎች ይዘውት ሄዱ። የአጎቴን ራሷ ናት በእጇ የሰጠችው፤ መልእክተኛውን ጭቃ እንዳይነካብኝ ብላ አስምላ።

የተዝካሩ ዕለት ፀሐዩ ጥሩ ነበር፤ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ተገላልጧል። ዳሱ ተጥሏል፣ ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰዋል፣ ሰው መቀመጥ ጀምሯል። አክስቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የዳሱ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች፤ ዓይኗ ግን ከይፋግ መንገድ አይነቀልም። እኔን በየመሃሉ ጠጋ እያለች ደርሶታል አይደል ትለኛለች። ደርሶታል እላለሁ።

በአንበሳሜ በኩል ለቅሶ ተሰማ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ደረታቸውን እየደቁ ይመጣሉ። እኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን ሞተ የሚባለው ቆይቶ ነው። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ እየጮኸች ሄዳ ከመሃላቸው ገባችና አብራ ማልቀስ ጀመረች። እንደተቃቀፉ ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ያቀፈቻት ሴትዮ ቀና ብላ ፊቷን አየች። ወዲያው የወጣው ጩኸት ከለቅሶውም ይብሳል። ሰው ተበተነ፣ አንዱ የዳሱ ገመድ ላይ ወደቀ፣ ቄሱ አማተቡ። አክስቴ መሃል ቆማ ‘ኧረ ማነው የሞተብን?’ ትላለች።

አንዲቱ የአንበሳሜ ዘመዳችን ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አየሁት። የእኔው ነው፣ ምን ሆነ? ገልብጪው አለችኝ። ገለበጥኩት። ያ ገፍቼ የደበቅኩት ጽሑፍ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ‘እናታችን ወይዘሮ’ ይልና፣ የአክስቴን ስም ሙሉውን ይጠራና፣ ‘ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩን’ ይላል። ፊቱን ላነበበ በቁሟ ልታወጣ ነበር፤ ጀርባውን ላነበበ ሳይደርስላት ሞተች። እንዴት አይመጡ እያለቀሱ? ደግሞስ ሞተች ወይ ብሎ በስልክ ማን ይጠይቃል?

ወዲያው አጎቴ ትዝ አሉኝ። የእሳቸውም ወረቀት ይኼው ነው። ሮጬ መንገድ ላይ ልቅደማቸው ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ፤ አልደረስኩም። ድምፃቸው ቀድሞኝ ከማዶ ተሰማ።

‘ወይ እህቴን! ወይ እህቴን!’ እያሉ ነው። ያ ኩሩ ሰው፣ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ ሁለት ዘመድ ግራና ቀኝ ደግፈዋቸው፣ ፊታቸው በእንባ ታጥቦ። አክስቴ ስታያቸው ዳሱን አለፈችና ወጣች። እሳቸውም ቀና ሲሉ አዩዋት። ቆሙ። ለቅሶው አፋቸው ላይ ተቋረጠ። እሷ እጇን ዘርግታለች፣ እሳቸው ግን ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት።

‘ሽማግሌ ቢያቅትሽ በሞትሽ ጠራሽኝ?’ አሉ።

አክስቴ ነገሩ አልገባትም። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ለነፍስ አባቷ ሰጡ። ቄሱ ፊቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ገልብጠው ደግሞ ጀርባውን አነበቡ። አክስቴ የራሷን ሞት ሕዝብ መሃል ቆማ ሰማች። ‘እኔን ነው?’ አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

እንግዲህ ይታያችሁ። አሁን ካላስረዳሁ አጎቴ ይኼን ሁሉ እሷ ያስጻፈችው ተንኮል መስሏቸው ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይመለሱም። ሁሉም በእኔ አፍ ላይ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ነገሩ ለራሴም አልገባኝም። ወደ ታች ገፋሁት አልኩ። ምኑን አሉኝ። ጽሑፉን። ጽሑፍ እንዴት ይገፋል? ኢንተር የሚባል አለ አልኩ። የሌላ ሴት ነበር፣ ስሙ በሙሉ ተቀየረ፣ እኔ አንዱን ብቻ አየሁ፣ ማሽኑ በራሱ ገልብጦ አተመው። ስናገር የራሴ ጆሮ እንኳ አላመነኝም። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ እየተምታታብኝ ነው መምህር የተባልኩት።

‘ለምን አላጠፋሽውም?’ አሉኝ አጎቴ።

‘ማጥፋት ፈርቼ ነው።’

ወረቀቱን ከቄሱ ተቀብለው አዩት። ‘መጨረሻው ላይ ልጆቻቸው ይላል’ አሉ። ‘ልጅ የላትምና መጠርጠር ነበረብኝ። አንቺን መስሎኝ ነው።’

ያን ጊዜ አክስቴ ተንገዳገደች። ሞቷ እንዲያ ተነቦባት ምን ትሁን? ወደ መሬት ልትሄድ ስትል የደረሱላት አጎቴ ናቸው፤ ማንም ሳይቀድማቸው ክንዷን ያዙ። ይዘዋት ቆዩ። ያኔ ነው መሰለኝ እንዳላወቀች ያመኑት። ንዴታቸው ግን አልበረደም፤ እንባቸውም አልደረቀም።

‘ከይፋግ እስከዚህ መንገዱን ሙሉ አልቅሼልሻለሁ’ አሏት። ‘ሰው እያየኝ። ለአንቺ የነበረኝን ለቅሶ ጨርሻለሁ። ስትሞቺ አልመጣም።’

አክስቴ ዳሱንም፣ ሰውንም፣ እኔንም ረሳች። የጋቢያቸውን ጫፍ ከመሬት አንስታ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።

‘ስሞት አትምጣ’ አለቻቸው። ‘እስከዚያ ግን ና።’

አጎቴ እንደቆሙ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ እኔ ዞረው የእጅ ውኃ ጠየቁ።